ዋጋው ቀድሞ ይምጣ

የእህል ዋጋ የሚያሳይ ትንሽ ገጽ ሠርቼ ደብረ ብርሃን ላለችው አክስቴ ላክሁላት። ማታ ደወለች። "ልጄ፣ ይሄ ክብ ነገር ይዞራል ይዞራል፣ ዋጋው የታለ?"

ቢሮ ዋይፋይ ላይ ወዲያው ነበር የሚከፈተው። እሷ ስልክ ላይ ግን መጀመሪያ ባዶ ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም የገጹ አጽም ይመጣል፣ ከዚያ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ጃቫስክሪፕቱ ይወርዳል፣ እሱ ወርዶ ሲያልቅ ገና ፌች በሚባለው የመጠየቂያ ትዕዛዝ ሰርቨሩን ዋጋ ይጠይቃል። ሦስት ምልልስ! ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ፣ ፌች እኛ የጊዜ ገደብ ካላበጀንለት ደቂቃዎች ሊጠብቅ ይችላል። ሰርቨሩ 500፣ ማለትም "እኔ ጋ ችግር አለ" ብሎ ቢመልስ እንኳ እንደ ስህተት አይቆጥረውም፣ ራሳችን ማየት አለብን።

ገጹን እንደ አዲስ ሳይጭኑ መረጃ ከኋላ የማምጣት ዘዴው ራሱ ግሩም ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ ሲያመጣው ለአውትሉክ የድር ኢሜይል ነበር፤ አንድ ደብዳቤ በተከፈተ ቁጥር ገጹ ሁሉ እንደ አዲስ እንዳይጫን። እ.ኤ.አ. በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የሚባል የድር ንድፍ ባለሙያ ኤጃክስ የሚል ስም አወጣለት። ልብ በሉ፣ ሰውየው ደብዳቤውን እያነበበ ነው ቀሪው ከኋላ የሚመጣው። እኔ ግን አክስቴ የመጣችበትን ነገር ራሱን ነበር ወደ ኋላ ያስቀረሁት።

አሁን ዋጋው ከሰርቨር ተጽፎ ከመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል ጋር ይመጣል። የስድስት ወሩ ግራፍ ወደ ታች ስትወርድ ይጫን፣ ማን ቸኮለ?

ሌላም ነበር። "ነጭ ጤፍ" የሚለውን ልትነካ ስትል ከላይ የዘገየ ፎቶ ከተፍ አለና ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋው፣ ጣቷ ገብስ ላይ አረፈ። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የፎቶውን ስፋትና ቁመት አስቀድሞ መጻፍ፣ ለግራፉም ቦታውን ክፍት አድርጎ መጠበቅ። ጉግል ይህን መዝለል በነጥብ ይለካዋል፣ ከ0.1 እንዳይበልጥ ይመክራል። ሌዚ ሎዲንግንም፣ ማለትም ፎቶው ሊታይ ሲቃረብ ብቻ እንዲጫን ማድረግን፣ ገና ሲከፈት ለሚታየው ፎቶ አትጠቀሙበት፣ ያዘገየዋል።

ግራፉ በአስር ሰከንድ ካልመጣ ክቡ ይጠፋና "አልመጣም፣ እንደገና ሞክሪ" የሚል ቁልፍ ይወጣል። የቀረኝ ሰርቪስ ወርከሩ ነው፣ ስልኳ ላይ ከገጹ ኋላ ሆኖ የመጣውን የሚያስቀምጥላት ኮድ። ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ ከነቀኑ እንዲያሳያት እፈልጋለሁ፣ ለሚቀጥለው ገበያ እንዲደርስላት ዛሬ ማታ እቀመጥበታለሁ።