ወር ያልተጻፈበት 0.8

በአንድ ወረዳ ምንጭ ጎልብቶ 5 ቦኖዎች የተዘረጉላት ቀበሌ ነበረች። በጥር ቅሬታ መጣ፤ ዳገቱ ላይ ያለው ቦኖ ደርቋል። በየካቲት ሁለተኛው ተከተለ። የጥገና ቡድኑ ቱቦው ፈስሷል ወይም አየር ይዟል ብሎ ሦስት ቦታ ቆፈረ፤ ምንም አልተገኘም። የታችኛው ጎጥ ሰዎች ቫልቭ ዘግተውብናል የሚል ጠብም ተነሣ። የዳገቱ ጎጥ ወርኃዊ ክፍያ መክፈሉን አቆመ።

የዘጋ ሰው አልነበረም። ምንጩ ሲያንስ መስመሩ ሞልቶ አይሄድም፤ ቁልቁል ያሉት ቦኖዎች ክፍት ከሆኑ ውኃው ወደዚያው ይወርዳል፣ ከፍ ያለው ደግሞ ቀድሞ ይደርቃል። መቆፈሪያ ከማንሣት በፊት ምንጩን መለካት 10 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

በሚያዝያ ሲለካ 20 ሊትር ባልዲ ለመሙላት 66 ሰከንድ ፈጀ፤ በሰከንድ 0.3 ሊትር መሆኑ ነው። የጥናቱ ሰነድ ግን 0.8 ይላል። 0.8 ውሸት አይደለም፤ የተለካው በጥቅምት፣ ክረምቱ ባለፈ ማግስት ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ መኪና ወደ ገጠር የሚገባው መንገዱ ሲደርቅ ነው፣ ስለዚህ የመስክ ጥናት ምንጭ በሚሞላበት ወቅት ላይ ይወድቃል። ቁጥሩ ከመስክ ቅጽ ወደ ዲዛይን፣ ከዲዛይን ወደ ወረዳው ዕቅድ ሲሸጋገር ወሩ በመንገድ ቀረ።

ስሌቱ የባሰውን ያሳያል። በሰከንድ 0.8 ሊትር በቀን 69,120 ሊትር ይሆናል። የቀበሌዋ 1,500 ሰው በቀን በ25 ሊትር፣ ማለትም በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያ፣ 37,500 ይፈልጋል። የተትረፈረፈ ስለመሰለ ወጪ ለመቀነስ ማጠራቀሚያው ታንከር ከዝርዝሩ ወጣ። በ0.3 ግን ቀኑን ሙሉ የሚገኘው 26,000 ገደማ ነው፤ ታንከር ስለሌለ ሌሊት የሚመጣው ግማሹ በከንቱ ይፈስሳል። ለአንድ ሰው 9 ሊትር እንኳ አይሞላም።

መፍትሔው 15 ሜትር ኩብ የድንጋይ ታንከር ነበር፤ ድንጋይና አሸዋ ኅብረተሰቡ፣ ሲሚንቶና ብረት ወረዳው። ቦኖዎቹ ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ይከፈታሉ። ድርሻው ወደ 17 ሊትር ወጣ። ጊዜውን የውኃ ኮሚቴው በስብሰባ ስላጸደቀው ቁልፍ የያዘው ሰው አልተሰደበም፤ ከቢሮ የተላከ ሰሌዳ ቢሆን በሳምንቱ ይፈርስ ነበር።

አለካኩም ጥንቃቄ ይሻል። በጎን የሚሾልከውን በጭቃ መድፈን፣ ሁሉንም ወደ አንድ ቱቦ ማስገባት፣ አምስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ። የበልግ ዝናብ ከጣለ ልኬቱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሁለቴ ቢለካ መልካም ነው፤ እሱም የአንድ ዓመት ድርቀት ብቻ ስለሆነ ዲዛይኑ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይያዝ። ውኃ የሚቀዱትን እናቶች «በክፉው ዓመት ስንት ሰዓት ተሰልፋችሁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣ ነው፤ በዚህ ቀበሌ ሲጠየቁ ወዲያው ነው የተናገሩት፣ ቀድሞ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

የወረዳው ቅጽ አሁን «የተለካበት ወር» የሚል ዓምድ አለው፤ ባዶ ከሆነ ፕሮጀክቱ ወደ በጀት አይገባም። 17 ሊትር ከ25 ስለሚያንስ ቀበሌዋን በውኃ ሽፋን ሪፖርቱ ውኃ ካገኙት ወይስ ካላገኙት እንቁጠራት የሚለው ክርክር ግን አላለቀም።