ቦቴ ሲገለበጥ የሚሮጠው ሰው

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ኒውክሌር የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ማራኪ ሰፈር ያለችው ጎረቤቴም፣ አራዳ ሰፈር ቡና የምታፈላልን ልጅም፣ ተማሪዎቼም የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። «ይፈነዳል ወይ?» አገራችን በ2019 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሩሲያዋ ሶቺ ከተማ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ትብብር ስምምነት ፈረመች። በ2025 ደግሞ ሞስኮ ላይ እዚህ ሊሠራ የታሰበውን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ፍንዳታው ሳይሆን መንገዱ ነው።

ወደብ የለንም። የኒውክሌሩ ነዳጅ ሲገባ ረጅም የየብስ መንገድ ይጠብቀዋል። አገልግሎ ሲያበቃ ወይ ወደ መጣበት አገር ይመለሳል፣ ወይ እዚሁ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈለግለታል። በሁለቱም ተጭኖ መሄዱ አይቀርም። በጎንደር በኩል ያልፋል ያለ ሰው አልሰማሁም። ግን አብጠርጥሬ የማውቀው የጎንደርን መንገድ ስለሆነ የማስበውም በእሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መያዣው እውነቱን ልናገር፤ ሰው በከንቱ እንዲሸበር አልፈልግም። ያገለገለ ነዳጅ የሚጫንባቸው ትልልቅ የብረት መያዣዎች ከ100 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ እንዲህ ያለ መያዣ ከ9 ሜትር ከፍታ ተወርውሮ በማይበገር ወለል ላይ መውደቅን መቋቋም አለበት። በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትም አለበት። እንግሊዞች በ1984 መያዣውን ሐዲድ ላይ አጋድመው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር አላተሙበት። ባቡሩ እንዳልነበር ሆነ፣ መያዣው ግን ይዘቱን አላፈሰሰም። ውስጡ ያለው ነዳጅም ጠጣር ነው፤ እንደ ቤንዚን አይፈስም።

በሌላ በኩል፣ በ2001 ባልቲሞር ውስጥ አንድ የጭነት ባቡር ዋሻ ውስጥ ተቃጥሎ እሳቱ ለቀናት አልጠፋም። ኒውክሌር አልጫነም ነበር። ቢሆንም የፈተናው 30 ደቂቃና የእውነተኛው እሳት ዕድሜ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ጀርመንም አለች። በ1998 ከመያዣዎቹ ውጪያዊ ገጽ ላይ ከተፈቀደው በላይ ብክለት ተገኘና፣ ያኔ የአካባቢ ሚኒስትር የነበሩት አንጌላ ሜርክል ጉዞውን አስቆሙ። ሕዝቡን ይበልጥ ያስቆጣው ድርጅቶቹ ነገሩን ለዓመታት እያወቁ ዝም ማለታቸው ነው።

ሰው የገደለውና ያሳደደው ግን እስካሁን ትልቁ መያዣ ሳይሆን ትንንሹ ዕቃ ነው። ከሆስፒታል የወጣ፣ ከማዕድን ማውጫ የተነቀለ፣ ማንም ልብ ያላለው። በ2013 ታኅሣሥ ሜክሲኮ ውስጥ ከቲኋና ሆስፒታል የወጣ የካንሰር ማከሚያ ኮባልት-60 ወደ ቆሻሻ ማከማቻ ሲጓዝ መኪናው ተዘረፈ። ጨረር አመንጪው ነገር ከመከላከያ ሳጥኑ ወጥቶ ማሳ ላይ ተጥሎ ተገኘ። በ2023 ጥር ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት፣ ጨረር የምታመነጭ የሲዚየም-137 ፍሬ 1,400 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ጉዞ ላይ ጠፋች። የመንገዱ ንዝረት የያዛትን ዕቃ ብሎን አላቆት ነበር። ጨረር መለኪያ የጫነ መኪና አውራ ጎዳናውን እያሰሰ ከአስፋልቱ ዳር 2 ሜትር ያህል ርቃ አገኛት። አውስትራሊያ መሣሪያውም ሰውም አላት። እዚህ ንዝረቱን ጠይቁኝ፤ ብሎን የሚያላቅቅ መንገድ ሞልቶናል።

አጎቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቦቴ ላይ ነው። ነዳጅ ከሱዳን በመተማ በኩል ሲገባ እሳቸውም ይመላለሱ ነበር። ይህን ጽሑፍ ሳስብ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ማነው?»

ሳቁ። «እረኛው ነዋ ልጄ!»

ከዚያ በጎንደርና በመተማ መካከል ካለችው ከአይከል ወዲያ ክረምት ላይ ስለተገለበጠ ቦቴ አወሩልኝ። እሳቸው ከኋላ ነበሩ። ጭቃው ከዳር አንሸራቶ ከፊታቸው የነበረውን ቦቴ ገደል አፋፍ ላይ አጋደመው። እሳቸው ፍሬን ይዘው እስኪወርዱ ገበሬው ከየማሳው ተጠራርቶ ደርሷል። ሾፌሩን በመስኮት ጎትተው አወጡት፣ በጋቢ ጠቀለሉት፣ ውኃ አጠጡት። ትንሽ ቆይቶ ጀሪካን መጣ። ሴቱም ልጁም የሚፈሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ተጋፋ። አጎቴ ድምፃቸው እስኪዘጋ «እሳት እንዳትጭሩ!» እያሉ ጮኹ። ገመድ የሚወጥርና ሰው የሚመልስ አካል የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። «ያን ቀን ያተረፈን እሱ መድኃኔዓለም ነው» አሉኝ።

ወደ አደጋ መሮጣችንን አልነቅፍም። ያ ሾፌር የተረፈው በሯጮቹ ነው። ጀሪካን የያዘችውንም እናት አልወቅስም፤ ችግር ነው። ግን ነዳጅ ይሸታል። እሳት ይታያል። ጨረር አይሸትም፣ አይሞቅም፣ ድምፅ የለውም። እጅህን የሚያቃጥለው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቤትህ ገብተሃል፣ ልጆችህን አቅፈሃል።

ስለዚህ ለእረኛው ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፣ ከባድም አይደለም። የቆሰለን ሰው ማውጣት ይቀድማል፤ ጨረርን ፈርቶ ሰው አይተውም። ሰውየውን ካወጣህ በኋላ ቢያንስ 30 ሜትር ራቅ፣ ምንም ነገር አታንሳ፣ እዚያው አትብላ አታጭስ፣ ዕቃውን የነካውን ሰው ሁሉ ስም ያዝ። ይህን በአንድ ሰንበቴ ላይ ማስረዳት ይቻላል።

ሌላው የማስበው ቆራሌውን ነው። ጎያኒያ የምትባል የብራዚል ከተማ አለች። በ1987 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች ከተዘጋ ክሊኒክ ውስጥ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ክፍል ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ 93 ግራም የሲዚየም ጨው ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። ነጋዴው ተደንቆ ለዘመድ ለጎረቤት አካፈለ። የ6 ዓመት ልጅን ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ፣ በ249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፣ ከ110,000 በላይ ሰው ተመረመረ። ቤቶች ፈርሰው አፈር ተጠርጎ 3,500 ሜትር ኩብ ያህል ቆሻሻ ወጣ። ከ93 ግራም!

ያ ጨው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሸክላ አፈር ላይ ይጣበቃል፣ ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ጎንደር ውኃ ከምትቀዳበት የአንገረብ ግድብ በላይ ያለው ተዳፋት በየክረምቱ ስንት አፈር እንደሚያወርድ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ተዳፋቱ ላይ ቢወድቅ የምንጠብቀው አፈር ብቻ አይሆንም።

ጨረር መኖሩን የሚያስጠነቅቀውን ባለ ሦስት ክንፍ ቢጫና ጥቁር ምልክት አትሜ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብረት ለሚገዙ ሰዎች አሳየኋቸው። አንዱ «ቬንትሌተር ነው» አለ። ሌላው የመኪና ዕቃ መሰለው። አልፈረድኩባቸውም። የቪየናው ኤጀንሲ ራሱ ይህ ምልክት ለብዙ ሰው ምንም እንደማይናገር ስላወቀ በ2007 ተጨማሪ ምልክት አውጥቷል። ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። ያንን ሳሳያቸው ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም። አንዱ አረጋዊ ነጋዴ ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ባገኘው ለማን ልደውል?»

የምሰጣቸው ቁጥር አልነበረኝም። ጨረር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ማመንጫው ከመሠራቱ በፊት፣ አንድ መያዣ እንኳ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። በየዞኑ ጨረር መለኪያ የያዘና አጠቃቀሙን የሠለጠነ ሰው ይኑር። ለእሳት አደጋና ለትራፊክ ፖሊስ ሥልጠና ይሰጥ። መስመሩና ሰዓቱ ለጥበቃ ሲባል በምስጢር ቢያዝ ይገባኛል፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረው። አንድ አጭር ነፃ የስልክ ቁጥርም ይሰጠን፤ በየብረት መግዣው በር ላይ በቀለም የሚጻፍ።

ከአንባቢዎቼ መካከል በዚህ ሙያ የሚሠራ ካለ ይጻፍልኝ። ቀዩን ምልክት በብዛት አሳትሜያለሁ። ቀጥሎ የምሄደው አዘዞ ነው፣ ከዚያ ሾፌሮቹ የሚያድሩበት አይከል።