የናስ የእጅ ባትሪዎቼ

ሥራዬን የጀመርኩት በአንድ አሮጌ ቶርኖና በጥቂት የናስ ቱቦ ነው። የምሠራው ለሰብሳቢዎች የሚሆን፣ የጥንቱን መልክ የያዘ የእጅ ባትሪ ነው። ዴቪድ ሚሴል በቱቦ ቅርጽ ለሠራው የእጅ ባትሪ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1899 ነበር፤ የዚያን ጊዜው ድንጋይና አምፖል ደካማ ስለነበሩ ብርሃኑ ብልጭ እያለ ማረፍ ነበረበት። የእኔው በሁለት ትልልቅ ድንጋይ፣ በ3 ቮልት ሳያቋርጥ ይበራል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ማብሪያው ነው። ተንሸራታቿ የናስ ምላስ ቱቦውን በደንብ ካልነካች መብራቱ ይርገበገባል። የመጀመሪያዎቹን 12 ባትሪዎች አንድ በአንድ ፈትቼ ምላሳቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ናሱን ቫርኒሽ አልቀባውም፤ በእጅ ላብ እየጠቆረ የባለቤቱን አያያዝ ሲመስል ማየት እወዳለሁ። ትናንት አንድ ደንበኛዬ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ገና ሳያበራው፣ የናሱን ሽታ ወደ ውስጥ ሳበ።