ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ለዶክትሬት ጀርመን ስገባ የተሰጠኝ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። የአይጥ አንጀት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠሩትን የነርቭ ሴሎች ፈልገህ ቁጠር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አንጀት ለማጠብ ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ነው። ነርቩ ሲለቀው አጠገቡ ያለው ጡንቻ ይላላል፣ ምግብም ወደፊት ያልፋል። ችግሩ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጭሱን ትተን ምድጃውን እንፈልጋለን። ምድጃው ኤን-ኖስ የሚባለው፣ አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይህን ጋዝ የሚሠራው ኢንዛይም ነው። ተመራማሪዎቹ ብሬድት እና ስናይደር በ1990 ከአይጥ ሴሬቤለም፣ ማለትም ከትንሹ የኋላ አንጎል፣ አጣርተው አውጥተውታል። ሴሬቤለም በዚህ ኢንዛይም ሀብታም ስለሆነ እኔም እስከ ዛሬ አዲስ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ፕሮቲን) ሲመጣ መጀመሪያ የምሞክረው እዚያ ላይ ነው። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት፣ የኤን-ኖስ መጠን በሆነው 155 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ጥርት ያለ መስመር ካላየሁ ወደ አንጀት አልሄድም።

አንጀቱን በርዝመቱ ሰንጥቄ፣ ሲሊኮን የተነጠፈበት ሳህን ላይ በቀጫጭን መርፌዎች እወጥረዋለሁ። ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያደርገው 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ውስጥ ካቆየሁት በኋላ በማይክሮስኮፕ እያየሁ የውስጡን ሽፋን እገፋለሁ። ከዚያ ክብ ጡንቻውን ክር በክር መንቀል ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው፤ የነርቩ መረብ እሱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል ቀዳድጄ ጥያቸዋለሁ። ጨጓራ ገፎ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ቶሎ ይለምደው ነበር።

አንቲቦዲው ላይ እንምጣ። የያዝኩት ከበግ የተገኘ ነው። ብቻውን ስሞክረው አላስቸገረኝም፤ ጥቂት ሴሎች ቀይ ሆነው ደመቁ። ግን ከስንት ሴል ስንቱ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ነርቮች የሚያሳይ ሌላ አንቲቦዲ መጨመር ነበረብኝ። ይሄኛው ከጥንቸል ነው። እነዚህ አንደኛ የሚባሉት በራሳቸው አያበሩም፤ ቀለም የተሸከሙ ሁለተኛ አንቲቦዲዎች ይከተሏቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ ያገኘሁትን ወሰድኩ። በግን የሚይዝ፣ ከአህያ የተሠራ ቀይ፤ ጥንቸልን የሚይዝ፣ ከፍየል የተሠራ አረንጓዴ።

ውጤቱ ጉድ ነበር። አረንጓዴ የሆነ ሴል ሁሉ ቀይ ነው። መቶ በመቶ! በጤነኛ አይጥ አንጀት ውስጥ ከነዚህ ሴሎች ኤን-ኖስ ያላቸው ከግማሽ በታች መሆናቸውን አንብቤያለሁ። እኔ ግን ግኝት መስሎኝ ለሰኞ ስብሰባ ስላይድ ሠራሁ። ስህተት እንዳለ የሚያጋልጥ መቆጣጠሪያ ናሙናም ነበረኝ እኮ! ሁለቱንም አንደኛ አንቲቦዲዎች አስቀርቼ ቀለሞቹን ብቻ የጨመርኩበት ናሙና ጥቁር ድብን ብሎ ወጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ጡረታ ልትወጣ ትንሽ የቀራት የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ምስሉን አየት አደረገችና «እስቲ ብልቃጦቹን አምጣቸው» አለች። አመጣሁ። ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች፤ ፍየል። ሌላው ላይ አሳረፈች፤ በግን የሚይዝ። ቀና ብላ አየችኝ። እስክትናገር አልጠበቅኩም፣ ፊቴ ጋለ።

የበግና የፍየል አንቲቦዲ እጅግ ይመሳሰላል። በግን እንዲይዝ የተሠራው የአህያ አንቲቦዲ ፍየልንም ይይዛል። የእኔ ቀይ ቀለም ኤን-ኖስን ብቻ ፈልጎ አልሄደም፤ አረንጓዴውን የተሸከመውን ፍየልም ሲያገኝ እላዩ ላይ ተሰቀለ። አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ በላቦራቶሪ ይደርስብኛል ብዬ አላሰብኩም።

መቆጣጠሪያዬ ለምን አላጋለጠኝም? ሁለቱንም አንደኛ ስላስቀረሁ ነዋ። ጥንቸሉ ከሌለ ፍየሉ የሚቀመጥበት የለውም፣ ታጥቦ ይሄዳል፤ ፍየሉ ከሌለ ቀዩም የሚይዘው የለም። ማስቀረት የነበረብኝ አንድ በአንድ ነው። በጉን ብቻ አውጥቼ ሌላውን ሁሉ ብተወው ቀዩ ያኔውኑ ያሳጣኝ ነበር። አሁን በሁለት ቀለም ስሠራ ሁለተኛዎቹ በሙሉ ከአህያ የተሠሩ ናቸው። ብልቃጡ ክዳን ላይም የእንስሳውን ስም በትልቁ እጽፋለሁ።

ሌላ አንድ ድንጋጤ ነበረ፤ እሱ እንኳ የእኔ ጥፋት አይደለም። ኤን-ኖስ እንዳይኖራት ተደርጋ በ1993 ይፋ ከሆነችው የአይጥ ዝርያ ናሙና ተልኮልን፣ በሌላ አንቲቦዲ ስናየው ደብዛዛ ምልክት አሳየን። ነገሩ ሲጣራ ያቺ አይጥ ያጣችው የፕሮቲኑን የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ቤታና ጋማ የተባሉ አጠር ያሉ የኢንዛይሙ ዓይነቶች ይተርፏታል። አንቲቦዲው ደግሞ የተሠራው የፕሮቲኑን ጭራ እንዲይዝ ነበር። ስለዚህ አሁን ከዋጋው በፊት የማየው የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ ነው።

አዲስ አበባ ያለች የክፍል ጓደኛዬ «ለዚያ ሁሉ አንቲቦዲ ብር ከሌለንስ?» ብላኛለች። ዲያፎሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም በቀለም የሚያሳይ የቆየ ዘዴ አለ። አንቲቦዲ አይፈልግም፣ ሴሉ ሰማያዊ ይሆናል። የነርቩ ዲያፎሬዝ ይኸው ኤን-ኖስ መሆኑ በ1991 ታይቷል። ብቻ ፓራፎርማልዴሃይዱን በትክክል ካልያዝሽው ሌሎች ኢንዛይሞችም ሰማያዊ ይሆናሉ አልኳት።

የአህያው አረንጓዴ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ቀዮቹ ቀነሱ፣ አረንጓዴ ብቻ የሆኑ ሴሎች ብቅ ብቅ አሉ። እንደ አዲስ ቆጠርኩ። የድሮዎቹን ምስሎች አላጠፋኋቸውም፤ ኮምፒውተሬ ላይ «ፍየል» የሚል ፎልደር ውስጥ ናቸው።