ሼፐርድ ወይስ ፑድል?

የትኛውን የውሻ ዘር እንግዛ በሚል ዛሬ ቤታችን ጦር ሜዳ ሆኖ ዋለ። ባለቤቴ ሌባ የሚፈራው ጀርመን ሼፐርድ ትላለች። ልጄ ደግሞ የምትታቀፍ ፑድል ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ሄደን ሁለቱንም አየን። ሼፐርዱ ገና ቡችላ ነው፤ መዳፉ ግን የልጄን መዳፍ ያክላል። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። በ1899 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተመዘገበ የበግ ጠባቂ ዘር ነው፤ ሥራ ከፈታ ጫማ ይበላል። የኛ ግቢ ደግሞ መኪና ከቆመበት አለቀ። ጸጉሩም ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል።

ትንሿ ፑድል 3 ኪሎ ገደማ ናት። ጸጉሯ ብዙም አይረግፍም፤ ግን በየጊዜው ካልተቆረጠ ይቋጠራል። (ከኔ በላይ ጸጉር ቤት ልትመላለስ ነው!) ሌባ ሲመጣም ትጮሃለች፤ ለኔ ይበቃኛል።

ባለቤቴ እስካሁን አኩርፋለች። የቱም ይምጣ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ሳላይ ግን ብር አልቆጥርም።