ከአሜሪካ የመጣችው ቀጭን እግር

የምሠራው ደሴ ውስጥ ነው፣ በልክ ጫማ በሚሠራ ቤት። ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ ልክ እመዘግባለሁ። አለቃችን ወጣት ነው፤ አዲስ ነገር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ መጣና «ከእንግዲህ ሰው ለልክ ብሎ ከሐይቅና ከኩታበር አይመላለስም። እግሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልን» አለ። እግር የሚለኩ መተግበሪያዎች አውርዷል። የትኛው እንደሚሻል ፈትሽ ተባልኩ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ኤፎር ወረቀት ግድግዳ አስጠግተህ ታነጥፋለህ። ተረከዝህን ከግድግዳው አስነክተህ ትቆምበታለህ፣ ከላይና ከጎን ፎቶ ይነሳል። ካሜራ ብቻውን ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ማስመሪያው ወረቀቱ ነው። ኤፎር 297 በ210 ሚሊሜትር መሆኑን ስለሚያውቅ እግሩን ከዚያ ተነስቶ ያሰላል። እንደ አይፎን 12 ፕሮ ያሉ ርቀት የሚለካ ላይዳር ያላቸው ስልኮች ያለ ወረቀትም መለካት ይችላሉ። ግን ያንን ስልክ የያዘ ደንበኛ ስንት አለን?

ከራሳችን እግር ጀመርኩ። በሜትር ከለካነው ጋር ከማስተያየቴ በፊት ያንኑ እግር ደጋግሜ አስለካሁ። ለአንድ እግር በየጊዜው ሌላ ቁጥር የሚሰጥ መተግበሪያ ከሜትር ጋር ማወዳደሩ ትርፉ ድካም ነው። አንዱ በዚሁ ወደቀ። ነጭ ሴራሚክ ላይ ደግሞ የወረቀቱ ጠርዝ ስለሚጠፋው ሁሉም ይቸገራሉ። ጥቁር ሲሚንቶ ላይ ስናነጥፍ ተሻለ። ተቀምጦ የተለካ እግር ቆሞ ከተለካው ያጥራል፤ የማታ እግር ደግሞ ከጠዋቱ ያብጣል። ይሄ የስልኩ ጥፋት አይደለም፣ ግን ለደንበኛው ካልነገርከው ጣጣው አንተ ላይ ነው።

በመጨረሻ አንዱ በርዝመት ከሜትራችን ጋር ተቀራረበ። አለቃችን ደስ አለው። ዋናውን ባለሙያችንን ግን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸውን፣ አላሳመናቸውም።

«ርዝመቱንማ ማንም ይለካዋል። ዙሪያውስ?»

እውነታቸውን ነው። የቆዳ ጫማ የሚወጠረው ፎርማ በሚባል የእግር ቅርጽ ላይ ነው። ፎርማ ለመምረጥ በጣቶቹ ሥር ያለው ሰፊው ቦታና የእግሩ ጀርባ ዙሪያቸው መታወቅ አለበት። በፎቶ ደግሞ መሬት የነካው የእግር ሥር አይታይም። ዙሪያ ብሎ የሚሰጥህ ቁጥር በግምት የተሰላ ነው። ልጅነቱን በባዶ እግሩ፣ ጎልማሳነቱን በበረባሶ ያሳለፈ የገጠር ሰው እግር ከፊት ሰፋ፣ ጣቶቹም በተን ይላሉ። እዚያ ላይ ግምት አያዋጣም።

በዚህ መሀል አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው አሜሪካ ነች፣ ሠርጓ ደሴ ነው፣ ጫማዋ እዚህ እንዲሠራ ፈልጋለች። ልኳን በመተግበሪያው ለክታ ላከች፤ ርዝመት 253፣ ወርድ 91 ሚሊሜትር። መተግበሪያው ራሱ «40 ቁጥር» ብሏል። አባባ ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እናትየው ዞሩ።

«እህቴ፣ እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

አሳዩአቸው። ሰፊ እግር ነው።

«ይሄ እግር የእናንተ ቤት አይደለም» አሉ አባባ። «ወላሂ፣ ለስንት ሰው ሰፍቼ እንዲህ ረዝሞ የቀጠነ እግር አላየሁም!»

እናትየው ሳቃቸው መጣ። «ኧረ 38 ነው የምታደርገው! ስገዛላት የኖርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ልጅቷ ጋ በቪዲዮ ደወልን። ቆማ ነው የተለካችው፣ ተረከዟም ግድግዳ ነክቷል። እንከን አጣሁለት። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላት ወረቀቱን ራሱን እንድትለካልኝ ጠየቅኳት። 279 በ216 ሆኖ ተገኘ። አሜሪካኖች የሚያትሙበት ሌተር የሚባለው ወረቀት ነው እንጂ ኤፎር አይደለም። መተግበሪያው የወረቀት ዓይነት ይጠይቃል፤ እሷ ሳትቀይረው አልፋዋለች።

የገረመኝ ስህተቱ የሄደበት መንገድ ነው። ሌተር ከኤፎር ያጥራል፣ ግን ይሰፋል። ስለዚህ መተግበሪያው እግሯን በቁመት ሳበው፣ በወርድ ጨመቀው። ስናሰላው ትክክለኛው ርዝመት 238፣ ወርዱ 94 ገደማ ሆነ። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር የሚጨምረው የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። 15 ሚሊሜትር ማለት ከሁለት ቁጥር በላይ መሳት ነው። ስህተቱ በሁሉም በኩል እኩል ቢሆን ኖሮ ግን መልኩ ያልተበላሸ ትልቅ እግር ይመጣልን ነበር፤ የአባባም ዓይን አይይዘውም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶው ላይ ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ ወይም ሜትር እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ዙሪያውን በክር ነው። ደንበኛው በሰፊው ቦታ ያዞረዋል፣ ሲገጥም ይቆርጠዋል፣ ማስመሪያ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ይልካል። ሙሽራዋም እንዲሁ አደረገች።

አለቃችን ግን ገና አልጠገበም። እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ቦታ ነው፣ የስኳር ታካሚም በየቦታው አለ፤ «ለነሱም በስልክ እንለካ» አለ። እዚህ ላይ ተሟገትኩት። እግሩ መደንዘዝ የጀመረ ሰው ጫማው ሲልጠው አያመውም። ቁስሉን የሚያየው ካመረቀዘ በኋላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር በእጅ ይዳሰሳል፣ ጫማውም ለስላሳ የውስጥ ሶል ይገባለታል፣ ከለበሰው በኋላም እግሩ የቀላበት ቦታ ካለ እየተባለ ይታያል። አለቃችን አጉረመረመ፣ ግን ተወው።

ሙሽራዋ ከአውሮፕላን ወርዳ፣ ከአዲስ አበባም በመኪና መጥታ፣ በዚያው ምሽት በራችን ላይ ደረሰች። ጫማው አልገባ አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አለቃችን እኔን አየኝ፣ እኔ አባባን አየሁ። አባባ ቁርጭምጭሚቷን በጣታቸው ጫን አደረጉና ጎድጉዶ ሲቀር አሳዩአት።

«አብጦ ነው ልጄ። ሂጂ እግርሽን ሰቅለሽ ተኚ፣ ነገ ነይ።»

በማግስቱ ገባላት። ቀሪውን ሂሳብ ከፈለች፣ ለእናቷም አንድ ጥንድ አዘዘች።