ለአስታማሚዎች ማረፊያ ቤት ምልክት ሲሠራ

ከቦንጋ ወይም ከበደሌ ሕመምተኛ ይዞ ጅማ የሚገባ አስታማሚ ብዙ ጊዜ ደክሞትና መሽቶበት ነው። ስለዚህ የነጻ ማረፊያው ምልክት ከራሱ በር ሳይሆን ከሆስፒታሉ መውጫ ይጀምር፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አንድ ቀስት፣ ማታም መብራት ያግኘው። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ አልጋ፣ ድስት፣ ቧንቧ ይሣል።

ከ10 ሜትር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ከ4 ሴንቲ ሜትር አይነስ። «ኑ»ን ከ«ኒ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ሠዓሊዎች የሚወዱት ጥላ ያለው ጽሑፍም እዚህ አይረባም።

ስቲከር በጅማ ዝናብ ከጠርዙ ይላቀቃል። ለውጭ ላሜራ ዝገት መከላከያ ተቀብቶ በዘይት ቀለም ቢጻፍ ይሻላል። የመጸዳጃ ቤቱ ምልክት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ በኮሪደሩ የሚመጣ ሰው አያየውም፤ ከግድግዳው ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብሎ ይተከልና በሁለቱም ፊት ይጻፍ።